አበበና ኒስካነን፤ ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ እስከ ሸኖው መንገድ

«ዛሬ ጨዋታው የት ነው?»

«አበበ ቢቂላ!»

አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው ይህን ጥያቄና መልስ ስንቴ ሰምቶታል! የሊግ ጨዋታ ወደ አበበ ቢቂላ ስታዲየም በተዛወረ ቁጥር ደጋፊው ማሊያውን ለብሶ፣ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ቆሎውን በወረቀት አስጠቅልሎ ይገባል። ይጮኻል፣ ዳኛ ይወቅሳል፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ ሦስት ተጫዋች ይቀይራል። 90 ደቂቃው ሲያልቅ «ከአበበ ቢቂላ መምጣቴ ነው» ብሎ ቤቱ ይገባል። ስሙ ከአፍ ጠፍቶ አያውቅም። ሰውየው ግን ቀስ በቀስ የሜዳ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል።

ስለ ሰውየው የተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ልክ ነው፣ አሸንፏል። ሆኖም ኳስ አፍቃሪ የደረጃ ሰንጠረዥ ማንበብ ያውቃልና የአበበንም ሰንጠረዥ ይመልከተው፤ 16 ማራቶን ጀመረ፣ 12ቱን አሸነፈ፣ አንዱን ሁለተኛ፣ አንዱን አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ሁለቱን አቋርጦ ወጣ። ስለ 12ቱ ድሎች ብዙ ተብሏል። አበበ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ በደንብ የሚታየው ግን በቀሪዎቹ አራት ውድድሮች ላይ፣ ከእነሱም በኋላ በአንድ ጨለማ ሌሊት ሸኖ አካባቢ በደረሰበት ነገር ላይ ነው።

ስለ አሰልጣኝና ስለ ልጁ ሲነሳ የኛ ሰው አፉ የሚቀድመው ወደ እንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አርሰን ቬንገር ጁቬንቱስ ውስጥ ክንፍ ላይ የባከነውን ቲየሪ ሄንሪን ወስደው የግብ አዳኝ አደረጉት። በ2003 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የ18 ዓመቱን ክርስቲያኖ ሮናልዶን ከሊዝበን አምጥተው አባት ሆኑለት። ይህን የማያውቅ የለም። ከዚያ 40 ዓመት በፊት ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ክብር ዘበኛ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ነጭ አሰልጣኝና አንድ የሸዋ ገበሬ ልጅ ተመሳሳይ ታሪክ ሠርተው ነበር።

የገና ተጫዋቹ

የሰሜን ሸዋን ደጋ ያየ ሰው ሩጫ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ከመንዝና ከግሼ አምባዎች ጀምሮ በመርሐቤቴ ገደል አፋፍ፣ በጅሩ ሜዳ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አገሩ ብርድ ነው። ገብስ ይዘራበታል፣ በግ ይረባበታል፣ ሰው ባናውን ደርቦ ይውላል። ትንፋሽ የሚያጥረው አየር ለዚያ አገር ልጅ የእለት እንጀራው ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው ደብረ ብርሃን አውራጃ፣ ከመንዲዳ ከተማ አቅራቢያ ባለችው ጃቶ በተባለች መንደር ነው። አጋጣሚው ይገርማል፤ ያ ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጣሊያን ገባ። ቤተሰቡ ከጦርነቱ ሸሽቶ ጎሮ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ተሰደደ፣ ኋላም ተመልሶ እርሻውን ያዘ። ልጁ እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ።

የልጅነት ጨዋታው ደግሞ ገና ነበር። ለከተማ ልጅ ገናን ለማስረዳት እንዲህ ማለት ይበቃል፤ ኳስ ነው፣ ግን በቆልማማ ዱላ የሚመታ፣ ሜዳው የመስመር ልክ የሌለው፣ ሁለቱ ጎሎች አንዳንዴ በኪሎ ሜትር የሚራራቁ! ከጎል እስከ ጎል ለመድረስ ወንዝና እርሻ ማቋረጥ ያስፈልጋል። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም እንዲሉ፣ ድሃና ባለጸጋ እኩል ይጋፋበታል። ሳንባው የተሠራው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

20 ዓመት ሲሞላው፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ሻለቃ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ ስፖርተኛ ለመሆን ያሰበ አይመስልም፤ እንጀራ ፍለጋ ነበር የመጣው።

ሰውየው ከሰሜን

ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ትውልዳቸው ፊንላንዳዊ፣ ዜግነታቸው ስዊድናዊ ነበሩ። ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለጦሩም ለትምህርቱም ብዙ ስዊድናውያንን አስመጥተው ነበር፣ ኒስካነንም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን የማደራጀትና የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች የማሰልጠን ሥራ ያዙ። ራሳቸው በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ። የሩጫን ሕመም ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩ ሰው አልነበሩም ማለት ነው።

አበበ በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማ፣ ከከተማ እስከ ሱሉልታ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ዓይናቸው ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ጉልበትና ትንፋሽ እንዳለው ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የጎደለውን ለማየት ግን ያስፈልጋል። ልጁ ሲሮጥ ሁሉን በአንዴ ነበር የሚያወጣው። ኒስካነን ረጅሙን ሩጫ ከአጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ጋር አቀላቀሉለት፣ ሰዓት ያዙለት፣ ፍጥነቱን ለኪሎ ሜትር እንዲያከፋፍል አስተማሩት። በኳስ ቋንቋ ካልን፣ ሜዳ ሙሉ የሚሯሯጠውን ልጅ ቦታውን ይዞ ጨዋታ እንዲያነብ አደረጉት።

የመጀመሪያ ማራቶኑን ግን አላሸነፈም! በ1948/49 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. በ1956) በጦር ኃይሎች ውድድር ላይ በዋሚ ቢራቱ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ዋሚ የዚያን ጊዜ የአገሪቱ የረጅም ርቀት ንጉሥ ነበር። ለአበበ ግን ሽንፈቱ ጠቅሞታል። የሚከተለው ሰው ነበረው፣ የሚያስተካክለው ሰው ነበረው፣ ጊዜም ነበረው። አራት ዓመት ሠራ። በ1952 ክረምት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ከወር በኋላ ደግሞ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ኒስካነን ሰዓታቸውን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት ቀላል ነው፤ የታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ የኦሊምፒክ ሪከርድ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሰከንድ ነበር። ያውም አበበ የሮጠው በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ነው።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። አገር ቤት ችቦ ተለኩሶ «ኢዮሃ» በሚባልበት፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ በሚሰናዳበት ምሽት፣ ሮም ከተማ ውስጥም የማራቶኑን መንገድ ለማብራት ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። የኢትዮጵያ ሁለት ሯጮች ተሰልፈዋል፤ አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው አበበ በለመደው መንገድ ለመሮጥ ወስኗል። የዓለም ጋዜጠኛ ይህን አይቶ ሳቀ፣ ኒስካነን ግን የልጃቸውን እግር ያውቁታል።

ከውድድሩ በፊት አሰልጣኙና ሯጩ መንገዱን አብረው አይተውታል። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ የሚያውቁት ነገር ቆሟል። የአክሱም ሐውልት ነው። የሙሶሊኒ ጦር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ነቅሎ ሮም ያቆመው፣ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. የሆነው ያው ሐውልት። ስምምነቱም እዚያ ሲደርስ እንዲፈተለክ ነበር።

ኒስካነን ሌላም መረጃ ሰጥተውታል። «የሚያሰጋህ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው፣ ቁጥሩም 26 ነው» የሚል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ራዲ የለበሰው 185 ቁጥርን ነበር! አበበ መንገዱን ሁሉ 26 ቁጥርን ሲፈልግ ሄደ። የሚያልፈውን ያልፋል፣ ጀርባ ያያል፣ 26 የለም። ከጎኑ አንድ 185 ቁጥር የለበሰ ሰው እንደ ጥላ ተጣብቆበታል። ያ ሰው የሚፈልገው ራሱ እንደሆነ አላወቀም።

ሌላ ሯጭ ቢሆን በሁለት ነገር አንዱን ያደርግ ነበር። ወይ 26 ቁጥር ቀድሞ አምልጧል ብሎ ደንግጦ ያለ ጊዜው ይበርራል፣ ወይ ደግሞ ግራ ተጋብቶ ሐሳቡ ይበተናል። አበበ ሁለቱንም አላደረገም። ፍጥነቱን ጠበቀ፣ አብሮት ካለው ሰው ጋር ሄደ፣ ሐውልቱን ጠበቀ። መጨረሻው ላይ ለመድረስ 500 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ሐውልቱ ጋ፣ ተፈተለከ። ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሆነ። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለው። ለጥቁር አፍሪካዊ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ! በርቀቱም የዓለም ፈጣን ሰዓት! አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ።

አሰልጣኝ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። ተማሪው መንገዱ ላይ ብቻውን ሲሆን እንዳይሳሳት አድርጎ ማሳደግ ነው ትልቁ ነገር። ኒስካነን ያንን ምሽት ያገኙት ውጤት ይኸው ነበር።

ከሠርግ ወደ ጥያቄ ክፍል

አበበ በክብር ተቀበሉት፣ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ተሸለመ፣ አስር አለቃ ሆነ። ደስታው ሦስት ወር ብቻ ነው የቆየው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ። ከተማው መሐል ተኩስ ተከፈተ። ሙከራው ከሸፈ፣ ጄኔራሉ ተሰቀሉ፣ ከክብር ዘበኛው ብዙው ሞተ፣ ታሰረ፣ ተባረረ። አበበ በነገሩ እጁ አልነበረበትም። ቢሆንም የዚያው ጦር ወታደር ነውና ተይዞ ተጠየቀ፣ ከዚያ ተለቀቀ።

መስከረም ላይ አገር የተሸከመው ልጅ ታኅሣሥ ላይ ጥያቄ ክፍል መቀመጡ ለማንም ቀላል አይደለም። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሩጫው ተመልሶ ግሪክ፣ ጃፓንና ቼኮስሎቫኪያ ላይ ተሰለፈ፣ ሦስቱንም አሸነፈ። ኦሳካ ላይ ጫማ ሠሪው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ጫማ እንዲያደርግ አግባባው። የባዶ እግር ታሪክ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ባያስታውሰውም።

ቦስተን፤ የማይወራው ውድድር

ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. አበበና ማሞ ወልዴ ቦስተን ላይ ተሰለፉ። ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ በሪከርድ ፍጥነት አብረው መሩ። ከዚያ ብርዱ፣ ነፋሱና የቦስተን ዳገቶች መጡ። አበበ እግሩ ታሰረ። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አሸነፈ። አበበ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገብቶ አምስተኛ ሆነ። ለዓለም አቀፍ ውድድር ተሰልፎ ጨርሶ ያላሸነፈው ይህንን ብቻ ነው።

ኳስ ላይ እንደሚታወቀው፣ ብዙ ያሸነፈ ቡድን የመጀመሪያ ሽንፈቱ ላይ ነው የሚፈርሰው ወይም የሚታነጸው። አበበ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1956 ዓ.ም. ማራቶን አልተወዳደረም። ልምምድ ብቻ! ቦስተን ላይ ስህተቱ ምን እንደነበር የታየው በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ነው፤ የኒስካነን የቶኪዮ ዕቅድ ከመጀመሪያው መብረርን የሚከለክል ነበር። ግማሽ መንገድ ድረስ ከመሪዎቹ ጋር መቆየት፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ወዲያ መፍጠን።

35 ቀን

ዕቅዱ ግን ከመጀመሩ በፊት ሊሞት ነበር። ቶኪዮ ሊደርስ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው ደብረ ዘይት ላይ ልምምድ እየሠራ አበበን ሆዱን ቆረጠው። ሐኪም ቤት ሲወሰድ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ማራቶኑ ጥቅምት 11 ነው። ከአልጋው እስከ መሮጫው መስመር 35 ቀን! የዛሬ ተጫዋች በዚህ ሕመም ስንት ሳምንት ከሜዳ እንደሚርቅ ኳስ አፍቃሪው ያውቀዋል። ቁስሉ ሳይደርቅ በሆስፒታሉ ግቢ በሌሊት ሶምሶማ ይል ነበር ይባላል።

ቶኪዮ ላይ እንደታቀደው ሆነ። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ከመጀመሪያው ከነፈ፣ አበበ አልደነገጠም። ቀስ ብሎ ተጠጋ፣ ከግማሽ በኋላ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ከሁለተኛው ከእንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ በአራት ደቂቃ በለጠ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስታዲየሙ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሱ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እጅና እግሩን ያፍታታ ጀመር፣ ገና ሊሮጥ የተዘጋጀ እንጂ የሮጠ አይመስልም ነበር። ሂትሊና ጃፓናዊው ኮኪቺ ቱቡራያ ለሁለተኛነት ሲታገሉ ስታዲየም ገቡ፣ እንግሊዛዊው መጨረሻው ላይ ቀደመ።

አበበ መቶ አለቃ ሆነ፤ የራሱ ነጭ ቮልስዋገንም ኖረው። ይህችን «ቮልስ» አንባቢ ያስታውሳት።

የ1961 ሁለት ሌሊቶች

እ.ኤ.አ. በ1967 ስፔን፣ ዛራውስ ላይ ሲሮጥ የኋላ ጭኑ ጡንቻ ተጎዳ፣ አቋርጦ ወጣ። ያ ሕመም ዳግመኛ አልለቀቀውም። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በክብር 1 ቁጥር ተሰጥቶት ተሰለፈ። ዓለም ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቃል። 17 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው እግሩ እምቢ አለ፣ ከመንገዱ ወጣ።

ማሞ ወልዴ ግን ቀጠለ። ቦስተን ላይ ከአበበ ጎን ለጎን የሮጠው፣ ለዓመታት አብሮት ልምምድ የሠራው፣ የዚያው የክብር ዘበኛ ልጅ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የማራቶን ወርቅ የኢትዮጵያ ሆነ። አበበ በዚያ ቀን ተሸንፏል፣ የሠራበት መንገድ ግን አልተሸነፈም። ከኒስካነን የተማረውን ከጎኑ ለሚሮጠው አካፍሎ ነበርና።

በዚያው በ1961፣ ሜክሲኮ ካለፈ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ሌሊት ሆነ። ሻምበል የሆነው አበበ ቮልሱን ይዞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሸኖ አካባቢ ነበር። መኪናው ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ ተጨፍልቆ እውስጡ ቆየ። በባዶ እግሩ የዓለምን ልብ ያሸነፈው ሰው ተወልዶ ባደገበት ደጋ፣ በብርድ ሌሊት፣ ብቻውን መንቀሳቀስ አቅቶት ነጋ። ጠዋት ሰው ደርሶ አወጣው፣ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። አንገቱ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። እግሩም እጁም አይታዘዝም።

ሦስተኛው ውድድር

ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገባ። ይህ ሆስፒታል ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ወታደሮችን በስፖርት ማከም የጀመሩበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያ የተጀመረው የቀስት ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ ሆነ። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ደግሞ የተካሄደው የት ነው? ሮም! አበበ ካሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ በዚያው በ1960 መስከረም። አበበ ያኔ አላወቀም፣ በዚያች ከተማ ሁለት በር እንደተከፈተለት።

ስምንት ወር ተኛ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ጠየቁት። ቀስ በቀስ እጁ ተመለሰለት። እግሩ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ አሰልጣኝ ምን ይጠቅማል? እግር ከሌለ የሩጫ ዕቅድ ምን ያደርጋል? መልሱ ከዚህ በኋላ ባደረገው ላይ አለ። አበበ እንደገና ጀማሪ ሆነ። ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ቀስት መሳብ ተማረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ስቶክ ማንዴቪል ላይ በሁለቱም ተወዳደረ። አላሸነፈም፣ ቢሆንም መስመር ላይ ቆመ። ኖርዌይ ላይ ደግሞ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ በውሻ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር ላይ 16 ተወዳዳሪዎችን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ቀደመ። በረዶ አይቶ ላላደገ ለደብረ ብርሃን አውራጃ ልጅ!

ስለ ዕጣው ሲጠየቅ ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እንደተቀበለው ይናገር ነበር። ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር እንዳይመስል፤ ያን እየተናገረ ነው ቀስት ሲለማመድ የኖረው። በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር ተጋበዘ። ማሞ ነሐስ ሲያገኝ አየ። ወርቁን የወሰደው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ በቀጥታ ወደ ዊልቸሩ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ኒስካነን ልጃቸውን በ11 ዓመት አለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 አረፉ።

መንገዱ ላይ ያሉት

ከሮም ቡድን ውስጥ አጭር ርቀት ይሮጥ የነበረው ንጉሤ ሮባ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነ። የስዊድናዊው ሥራ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ ማለት ነው፣ ከንጉሤም በኋላ ትውልድ ተቀባበለው።

ከሸኖ አልፎ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ጫጫ የምትባል ከተማ አለች። ጌጤ ዋሚ የተገኘችው ከዚያ ነው። ሴቪል ላይ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ በርሊን ማራቶንን በ2006 እና በ2007 ያሸነፈችው ጌጤ፣ በ2008 ለንደን ላይ ውሃ መቀበያው ጋ ወደቀች። ተነሳች፣ ሮጠች፣ ሦስተኛ ገባች። ባለቤቷ ጌታነህ ተሰማ ደግሞ እንጨት እየለቀመ እየሸጠ ያደገውን ፀጋዬ ከበደን አሰልጥኖ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ነሐስና ሁለት የለንደን ማራቶን ድል አየ። እንዲህ ነው የሚቀጥለው፤ አንዱ የሌላውን ሰዓት ይይዛል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ወጣት አጥቂ ጨዋታ ተቀይሮ ሲወጣ፣ ጭንቅላቱን ሲደፋ፣ ደጋፊውም «ይሄ ልጅ አበቃለት!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንዴ ቀና ብሎ የተቀመጠበትን ሜዳ ስም ያንብብ። የመጀመሪያ ማራቶኑን የተሸነፈ፣ ቦስተን ላይ አምስተኛ የወጣ፣ ሜክሲኮ ላይ ያቋረጠ፣ ሸኖ ላይ የወደቀ ሰው ስም ነው።